ጥዑመ ልሳን ኦንላይን ነው

ሰገነት መጽሐፍ ሊመልስ የቆመውን ተማሪ እጁን እንደዘረጋ ትታው ስልኳን አነሳች። ባሏ ገብቷል። ፎቶው ጥግ ላይ ያቺ አረንጓዴ ነጥብ በርታለች። "ጥዑሜ" ብላ ጻፈች። አንድ ምልክት ወጣ፤ መልእክቱ ሄዷል ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ተነበበ የሚለው፣ አልወጣም። ሳትቀመጥ ደወለች። ያቺው የተቀዳች ሴትዮ የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን አይገኙም አለቻት። ተማሪው ጉሮሮውን ጠረገ።

"አስቀምጠው፣ እመዘግበዋለሁ" አለችው ቀና ሳትል።

ነጥቧ ትንሽ ቆይታ ጠፋች። ገብቶ ወጣ። መልእክቷን ሳይከፍት ገብቶ ወጣ። ሰገነት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋችው፤ ከዚያ ደግሞ አላስችል አላትና መልሳ ገለበጠችው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲይዘው የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆነ የጎዳና ቸርቻሪ ልዩነት የለውም፣ ሁሉም ያው ስልኩን ሲያገላብጥ ይውላል።

ጥዑመ ልሳን ለሥራ ከባሕር ዳር ከወጣ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። የሐይቁን እምቦጭ የሚከታተል ቢሮ ውስጥ ባለሙያ ነው፤ አረሙ የሰሜኑን ዳርቻ የት ድረስ እንደሸፈነው እየዞረ ያያል። በጀልባ ደቅ ደሴት ገብቶ እዚያ አደረ። ከዚያ የጻፈላት ይህን ነው፤ "ነገ በሞተር ጀልባ ወደ ጎርጎራ እሻገራለሁ። ስልክ አይሠራም ይላሉ፤ አንድ ሆቴል ውስጥ ግን ዋይፋይ አለ አሉኝ። ኩርፊያሽ ሲበርድልሽ እናወራለን።" ከዚያ ወዲህ ቃል የለም። በሳምንቱ እመለሳለሁ ያለው ሰው ሳምንቱም አለፈ።

ኩርፊያው እውነት ነበር። ሊሄድ ዋዜማ ይቅርብህ ብላ ለምናው ነበር። በዚህ ጊዜ ሐይቅ ተሻግሮ መንገድ ለመንገድ የሚዞር ማን አለ፣ የጎንደሩ መንገድ ላይ ሐሙሲት ሳይደርሱ የቀሩት ሰዎች ወሬ ገና በየቤቱ አልበረደም፣ ሥራው አይሸሽም አለችው። እሱም ደመወዝ የሚከፈለኝ ጠረጴዛ እንድጠብቅ አይደለም አላት። ነገር ነገርን አነሳና በመጨረሻ "እንግዲያው ከሄድህ እንዳትደውልልኝ" አለችው። ልብሱን ራሱ አጣጥፎ ወጣ።

ስለዚህ ጥዑመ ልሳን ገብቶ ሲወጣ ስታይ መጀመሪያ ያሰበችው ሞቱን አይደለም። ብድሯን እየመለሰላት መሰላት። እንዳትደውል ብላኛለች፣ ይኸው አልደወልሁም፤ አለሁ፣ ግን ላንቺ የለሁም። እሷም እልህ ተጋባችና መቼ እንደገባች እንዳያይባት በቴሌግራም የምትገባበትን ሰዓት ደበቀችው። ነገር ግን ራሱን የደበቀ የሌላውንም አያይም፤ የእሱም ነጥብ አብሮ ጠፋባት። ግማሽ ቀን እንኳ አልቻለችም። መልሳ ገለጠችው፣ ስትገልጠውም ነጥቧ በርታ ጠበቀቻት፣ ደስ አላት፣ በመደሰቷም ራሷን ረገመች።

የጎረቤቷ የሺአረግ ወሬ ደግሞ አለ። የሺአረግ ክፉ አይደለችም፣ አፏ ነው። ወንድ ልጅ ኦንላይን ሆኖ ለሚስቱ ዝም ካለ የሚያወራላት ሌላ ሰው ተገኝታለች ማለት ነው፣ ጎርጎራም ሴት አልጠፋም አለቻትና ሳቀች። ሰገነትም አብራ ሳቀች። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

አርብ ዕለት ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ቢሮው ድረስ ሄዳ ነበር። የባሏ አለቃ አቶ ግሩም ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ያልተመለሰው ለምንድን ነው፣ ከእርስዎስ ጋር ተገናኝቷል ወይ ብላ ስትጠይቀው መልስ በመስጠት ፈንታ ስልኩን አወጣ።

"ይኸው ኦንላይን ነው" አለ ስልኩን ወደ እሷ አዙሮ። "አሁን፣ እኔና አንቺ እያወራን። የጠፋ ሰው ኦንላይን ይገባል? እኔም ሪፖርት ሳይልክልኝ ዝም ስላለ ቅር ብሎኛል እንጂ የምሰጋለት ነገር የለም።"

ነጥቧ እዚያም በርታለች። ከቺፑዱ ግድግዳ ማዶ አንድ ሰው ኪቦርድ ይደበድባል። ሰገነት አመስግናው ወጣች።

ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ተረኛው ልጅ እግር ነው፣ በትሕትና አናገራት። ባልሽ መጨረሻ የታየው መቼ ነው ሲላት ከደቅ የጻፈላትን ልታሳየው ስልኩን ብትዘረጋለት የነጥቧን ነገር እሱም ያውቃል። "አሁን እየታየ ነው እኮ እናቴ" አላት። ኦንላይን ያለን ሰው ጠፋ ብለን ብንመዘግብ ራሳችን እንጠየቃለን፤ የባልና ሚስት ነገር ከሆነ ሽማግሌ ይሻላል ብሎ ሸኛት። ከጣቢያው ስትወጣ ፊቷ በኀፍረት ይፋጃል። ባሏን ፍለጋ መውጣቷ ቀርቶ ባሏ የማይፈልጋት ሴት መሆኗን ለመንግሥት ያስመዘገበች መሰላት።

ከሁሉ ተረጋግተው ያሉት የጥዑመ ልሳን እናት እማሆይ ወለተ ሚካኤል ናቸው። ባለቤታቸው መርጌታው ካረፉ በኋላ መነኮሱ፤ በሐይቁ ዳር ካለው ደብር ቅጥር ውስጥ አንዲት ክፍል አላቸው። ስልክ ግን ሁለት ነው ያላቸው። ባለ ቁልፏ ትንሿ መደወያቸው ናት። ትልቁን ስልክ ጥዑመ ልሳን ገዝቶላቸው ድምፅ እየቀረጹ ይልኩለታል፤ እሱ ከሄደ ወዲህ ደግሞ ሌላ ሥራ የለውም፣ ዳዊታቸው አጠገብ ተዘርግቶ መብራቱን ያዩበታል። ነጥቧን መብራቱ ነው የሚሏት።

ሰገነት እሑድ ጠይቃቸው ነበር። ስጋቷን በሾርኒ ብታነሣባቸው ፈገግ አሉ።

"አንቺ ልጅ፣ ልብ ብለሽ አላየሽውም" አሉ። "ቅዳሜ አይገባም፣ እሑድ አይገባም። ሁለቱንም ሰንበት ያከብራል። አሁን ጾም አይደለ? ቅዳሴ ሲገባ መብራቱ ድርግም ይላል፣ ከሰዓት ይመለሳል። ሌሊቱንማ ለጸሎት ይተወዋል። ያባቱ ልጅ ነው። እኔ ባገሩ ሳለ ጸሎት አስታጎለ ብዬ ስንት ጊዜ አዝኜበት ነበር፣ ወጣ ሲል ልቡ ተመለሰ።"

እንዲህ ሲሉ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ የደስታ ነው። ሰገነት አሜን አለች። በልቧ ግን፣ ለእግዜር ጊዜ ካለው ለእኔ ምን ነካው አለች፤ በባሏ ጸሎት ቀናች። ሰው ከተናደደ የማይቀናበት ነገር የለም።

እንግዲህ ዛሬ ማክሰኞ ነው። መጽሐፉን የመለሰው ተማሪ ከሄደ በኋላ ከሰዓት በኋላውን ነጥቧ ሁለት ሦስት ጊዜ በርታ ጠፋች። ዘጠኝ ሰዓት አለፍ እንዳለ እንደገና በራች፤ ሰገነት እያየቻት ሳለ የቤተ መጻሕፍቱ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሮቹ ድርግም አሉ። ተማሪዎቹ አጉረመረሙ። በመስኮት ስታይ ከማዶ ያለው ፎቅም ጨልሟል፣ ወደ ሐይቁ ያለው ሰፈር ሁሉ ጠፍቶበታል። ወደ ስልኳ ተመለሰች። የጥዑመ ልሳን ነጥብም የለችም።

መጀመሪያ ምንም አልመሰላትም። ጎርጎራም ጠፍቶ ይሆናል፣ መስመሩ አንድ ይሆናል አለች። የኮሌጁ ጄኔሬተር አስሎ አስሎ ተነሣ፤ ማዶ ያለው ፎቅ ግን እንደጨለመ ነው። ነጥቧም አልተመለሰችም። ሰገነት የመጽሐፍ ጋሪ ተደግፋ ቆመች። ብዙ ከቆየ በኋላ ከሰፈሩ በኩል የልጆች ጩኸት ተሰማ፣ መብራት መጣ። ዓይኗን ከስልኳ አልነቀለችም። ኮምፒውተር ተነሥቶ እስኪከፈት የሚፈጀውን ያህል ቆየና ጥዑመ ልሳን ገባ።

ቅዳሜ አይገባም። እሑድ አይገባም። ምሳ ሰዓት አይገባም። ማታ ኳስ ሲያይ እስከ እኩለ ሌሊት የሚያመሸው ሰውዬ አንድም ሌሊት ገብቶ አያውቅም። እማሆይ የጸሎት ሰዓት ያሉት ይህ የቢሮ ሰዓት ነው። ቢሮውም ያለው መብራት ጠፍቶበት በነበረው ሰፈር ነው።

ለአለቃዋ እንኳ ሳትናገር ወጣች። የባጃጁን ነጂ ፍጠን ፍጠን እያለች አጣደፈችው። ከሐይቁ የከሰዓት ነፋስ ተነሥቶ በዳር ያሉትን ዛፎች ያንገላታል። ተሳስቼ በሆነ እያለች ትጸልያለች፤ ሌላ ሴት በሆነች፣ የሺአረግ እውነቷን በሆነ። እንዲህ ብዬ የምጸልይበት ቀን ይመጣል ብላ አስባ አታውቅም።

ቢሮው ገብታ ቺፑዱን ዞረች። በጥዑመ ልሳን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችው መሲ ናት፣ የቢሮው ጸሐፊ። ስክሪኑ ላይ ቴሌግራም ተከፍቷል። መሲ ከወረዳ የተላኩ የአረም ፎቶዎችን እያወረደች ነው።

"መሲ፣ ይህን በማን ስም ነው የከፈትሽው?"

"በጋሼ ጥዑሜ ነዋ" አለች መሲ ከወንበሯ ብድግ ብላ። "የሚሠራው ኮምፒውተር የሱ ብቻ ነው እትዬ። ፍላሹ ሁሉ ቫይረስ ስለሆነ ፋይል በግሩፑ ነው የምንላላከው። ሲሄድ ራሱ ነው እንዳትዘጊው ያለኝ። የግል መልእክቱን ግን አንድም ቀን ከፍቼ አላውቅም፣ እናቴን።"

እውነቷን ነው። የሰው መልእክት አይከፈትም ብላ ያደገች ልጅ ናት፤ ጨዋነቷ ነው ጉድ የሠራው። ከግሩፑ ስም በታች "ሰገነት" ይላል፣ አጠገቡ ያልተነበቡት ቁጥር ተቆልሏል። ከሷ በታች "እማዬ" ይላል። የእማሆይ የድምፅ መልእክቶች አንዳቸውም አልተከፈቱም። ሰገነት ቁጥሮቹን ላለማየት ዓይኗን መለሰች።

"ከኮምፒውተሩ ራቂልኝ" አለች።

መሲ ራቀች። ቴሌግራሙን ወደ ታች ዝቅ አድርገው ሁለቱም ቆመው የሰገነትን ስልክ ያዩ ጀመር። ቆይቶ ነጥቧ ጠፋች። ሰገነት እጇን ዘርግታ ማውሱን ያዘችና ከፈተችው። ጥዑመ ልሳን ገባ። ተወችው፤ ወጣ። ደግማ ነካችው፤ ገባ። መሲ አሁን ገባት፣ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

አቶ ግሩም ድምፅ ሰምቶ መጣ። ሲነግሩት ቶሎ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። ቀጥሎ ያደረገው ግን በሩን መዝጋት ነው። ነገሩን በጥሞና እንየው አለ፣ ማንንም መውቀስ አይገባም፣ መጀመሪያ ለበላይ ላሳውቅ አለ።

"እስኪጣራ ድረስ እንዳለ ይቆይ" አለ። "ድንገት ቢጠፋ ሰው ይረበሻል። እናቱም አሉ፣ እማሆይ። ለሳቸው ሲባል።"

"አርብ ዕለት ስልክህን ስታሳየኝ መሲ እዚህ ተቀምጣ ነበር?" አለች ሰገነት። እስከ ዛሬ አንተ ብላው አታውቅም።

አቶ ግሩም ቺፑዱን አየ።

ያኔ ስልኳ ጠራ። እማሆይ ናቸው፣ በቁልፏ ስልክ።

"ሰገነት፣ ልጄ ምን ሆኖ ነው?" አሉ። ድምፃቸው እንደ እሑዱ አይደለም። "አሁን ከጸሎት ተነሥቼ ባየው መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ይገባል፣ ይወጣል፣ ይገባል። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። የሚጣራ መሰለኝ።"

አቶ ግሩም ነገሩ ገብቶት እጁን ያወዛውዛል፤ አትንገሪያቸው። መሲም እያለቀሰች ራሷን ነቀነቀች። ተዪላቸው፣ ይብራላቸው፣ አርጅተዋል፣ ለዛሬ እንኳ ይደሩበት። እሷም ብትሆን ይህን ሳትመኝ አልቀረችም። ደኅና ነው እማሆይ፣ ኔትወርኩ ነው ብላ መዝጋት ትችላለች። ሁሉም በዚህች ነጥብ ተማምኖ ስለተኛ ነው ያ ሰው የት እንዳለ ሳይታወቅ ይህን ያህል ቀን የከረመው። እሷም አኩርፋ ተኝታለች።

"እማሆይ፣ ትልቁ ስልክ ከፊትዎ አለ?"

"አለ። እያየሁት ነው።"

"በርቷል?"

"በርቷል።"

ሰገነት ከቴሌግራሙ መውጫው የቱ ነው ብላ በዓይኗ ጠየቀች። መሲ አቶ ግሩምን አየች፣ ሰገነትን አየች፣ ከዚያ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። "ወይዘሮ ሰገነት" አለ አቶ ግሩም። ሰገነት ተጫነችው። የተደረደሩት ስሞች ሁሉ ጠፉ፤ ስክሪኑ ባዶ ሆነና ስልክ ቁጥር ያስገቡ አለ።

"አሁንስ?" አለች በስልኩ።

እማሆይ ትልቁን ስልክ አነሡ፤ ትንፋሻቸው ይሰማል።

"ጠፋ" አሉ።

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ እማሆይ። ቢሮው ነኝ። ሲበራ የነበረው ከዚህ፣ ከሥራ ኮምፒውተሩ ነው። እሱ አልነበረም። ከደቅ ከጻፈልኝ ወዲህ እሱ አልገባም።"

ሰገነት ስልኩ የተቋረጠ መስሏት ከጆሮዋ አንሥታ አየችው። አልተቋረጠም።

"ሰንበቱስ?" አሉ እማሆይ በመጨረሻ።

"ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ዝግ ነው እማሆይ።"

መሲ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እማሆይ ከዚያ ወዲያ አልጠየቁም፤ አላለቀሱምም። ሰገነት እንዲጮኹባት ፈልጋ ነበር።

"ከአሁን ወዲያ ከበራ እሱ ራሱ ነው" አለቻቸው። "ሌላ የሚያበራው ሰው የለም። ዓይንዎን አይንቀሉበት፣ ቻርጁ እንዳያልቅ። እኔ እየሄድሁ ነው።"

"ወዴት?"

"ወደ ደቅ። ያሻገረውን ባለጀልባ እፈልጋለሁ።"

ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አቶ ግሩም በሩ ላይ እንደቆመ ነው። በዚህ ነፋስ ማንም ከወደብ አይወጣም፣ ነገ በጠዋት ደብዳቤ ጽፈን በሥርዓቱ እናደርገዋለን አለ። ሰገነት የቢሮው ጀልባ ቁልፍ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ አየችው፣ ብዙ ጊዜ ባሏ ኪስ ውስጥ ያየችው ነው። ሄዳ አወረደችው።

"ነጂውን ጥራልኝ" አለችው። "ካልመጣ ሌላ ነጂ ወደቡ ላይ አላጣም።"